የምታከራየን የነጮች ቤተ ክርስቲያን «አንድ እንሁን» ብላናለች፤ ጎረቤት ያሉት ጥቁር አሜሪካውያን ግን አልተጠሩም

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ የጌታ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

በሜሪላንድ ግዛት በምትገኝ አንዲት የኢትዮጵያውያን ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን በሽማግሌነት አገለግላለሁ። የምናመልክበትን አዳራሽ የምንከራየው አባላቷ ከጥቂቶች በቀር ነጭ አሜሪካውያን ከሆኑ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እነርሱ ጠዋት አምልኳቸውን ፈጽመው ሲወጡ እኛ ከቀትር በኋላ እንገባለን። ወጥ ቤቱን በሚመለከት ከሚነሣው ቅሬታ በቀር (የበርበሬውና የቅቤው ሽታ እስከ ማክሰኞ ከምድር ቤቱ አይወጣም የሚል ማሳሰቢያ በማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፎ እናገኛለን) ግንኙነታችን በሰላም የቆየ ነው።

ዘንድሮ ከትንሣኤ በዓል በኋላ መጋቢያቸው ለሽማግሌዎቻችን ደብዳቤ ጻፉልን። ፍሬ ነገሩ በአሜሪካ ያለችው ቤተ ክርስቲያን በዘር መከፋፈሏ ለወንጌል ምስክርነት ዕንቅፋት ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ጉባኤዎች ተዋሕደው አንዲት ቤተ ክርስቲያን እንዲሆኑ የሚጠይቅ ነው። የእንግሊዝኛው አምልኮ የጋራ ይሆናል፤ የአማርኛው አምልኮ ከእነርሱ የአገልግሎት ክፍሎች እንደ አንዱ ተቆጥሮ ይቀጥላል፤ ከዘጠኙ የሽማግሌዎች መቀመጫ ሁለቱ ለእኛ ይሰጠናል። የምእመናኖቻቸው ቁጥር ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ሄዶ፣ ዛሬ በእሑድ ጠዋት ከሚሰበሰቡት አዋቂዎች ይልቅ የእኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች እንደሚበዙ ሁላችንም እናያለን። ይህን የማነሣው ቅንነታቸውን ለመጠራጠር አይደለም፤ መጋቢው እውነተኛ ሰው ናቸው።

እኔን ዕረፍት የነሣኝ ሌላ ነገር ነው። ከሕንጻችን ሁለት መንገድ ተሻግሮ አንድ የቆየ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከዚያ የሚያገለግሉ አንድ አረጋዊ ዲያቆን እንደ ነገሩኝ፣ የጉባኤያቸው መሥራቾች በሜሪላንድ ባርነት በሕግ ከተሻረበት ከ1864 በፊት፣ ዛሬ እኛን በምታከራየው ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ ተለይተው ይቀመጡ የነበሩ ባሪያዎች ናቸው፤ ነጻ እንደ ወጡ ጥለው ወጥተው የራሳቸውን ጸሎት ቤት ሠሩ። ሰገነቱ ዛሬም አለ። የእኛ የድምፅ መሣሪያ ሠራተኞች ሽቦቻቸውን ዘርግተው የሚቀመጡት እዚያ ነው። አስተናጋጆቻችን ስለ ዘር መለያየት በጻፉት ደብዳቤ ከባሕር ማዶ የመጣነውን እኛን ሲጠሩ፣ እነዚህን ጎረቤቶች በአንድ መስመር እንኳ አላነሧቸውም። ይህን በሽማግሌዎች ስብሰባ ሳቀርብ ያገኘሁት መልስ «ያ የእነርሱ የቆየ ጠብ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ነበር።

እንዲህ ያለውን ጥሪ መቀበል ተገቢ ነው ትላላችሁን? በሌላ ስፍራ በዘር የተከፋፈሉ አብያተ ክርስቲያናት መለያየታቸውን ያስወገዱት በምን መንገድ ነው? እኛስ በዚህ ውስጥ «እንግዳ ነን» ብለን ለመቆም እንችላለን? ታሪክ የምታውቁና በተመሳሳይ ሁኔታ ያለፋችሁ ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ ከሽማግሌዎቹ ጋር ለመመካከር ይረዳኛል።

መልስ (ከአዲስ አበባ፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ አስተማሪ)

የተከበሩ ወንድማችን፣ ጥያቄውን በዚህ መልክ ማቅረብዎ መልካም ነው። የማውቀው የደቡብ አፍሪካን ታሪክ ስለ ሆነ በዚያ ላይ ልቆይ፤ ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ብዙ ሰው በዚያች አገር ቤተ ክርስቲያን በዘር የተከፈለችው አፓርታይድ የተባለው የዘር መለያየት ሥርዓት በ1948 የመንግሥት መመሪያ በሆነ ጊዜ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ቤተ ክርስቲያኒቱ መንግሥትን በዘጠና ዓመት ያህል መቅደሟ ነው። ከሆላንድ የመጡ ሰፋሪዎች ያቋቋሟት የደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በ1829 የጌታ እራት ለምእመናን ሁሉ ያለ ቀለም ልዩነት በአንድነት እንዲሰጥ ወስኖ ነበር። በየአጥቢያው የነበሩ ነጮች ከአገልጋዮቻቸውና ከቀድሞ ባሪያዎቻቸው ጋር ከአንድ ማዕድ መቅረብን ስላልወደዱ፣ አቤቱታቸው እየተንከባለለ ከ1857ቱ ሲኖዶስ ደረሰ። ሲኖዶሱ የጻፈው ውሳኔ እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ ቃል በቃል የማስነብበው ነው። ከአሕዛብ ወገን የመጡት አማኞች በነባሮቹ ጉባኤዎች መቀላቀላቸው የሚፈለግና ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የሚስማማ መሆኑን በመጀመሪያ ያረጋግጣል፤ ቀጥሎ ግን ይህ አሠራር «ከአንዳንዶች ድካም የተነሣ» የክርስቶስን ሥራ የሚያሰናክል በሚሆንበት ስፍራ፣ እነዚያ አማኞች በተለየ ሕንጻ እንዲያመልኩ ይፈቅዳል። በዚያ ጉባኤ መለያየት የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ የወሰነ አልነበረም። የተወሰነው ለደካሞች የሚደረግ ርኅራኄ የሚመስል፣ ጊዜያዊ የሚመስል ፈቃድ ነበር። ደካሞች የተባሉት ጌቶቹ መሆናቸውን፣ ተነሥተው እንዲሄዱ የተደረጉት ደግሞ ምንም ያላጠፉት መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ያ ፈቃድ በ1881 ለክልሶች የተለየች ቤተ ክርስቲያን ወለደ፤ ለጥቁሮችና ለሕንዳውያንም በየጊዜው ሌሎች ተከተሉ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሡ የነገረ መለኮት ሰዎች ደግሞ የባቢሎንን ግንብ ታሪክ እየጠቀሱ፣ ለደካሞች ተብሎ የተፈቀደውን እግዚአብሔር ራሱ ያዘዘው ሥርዓት ነው እስከ ማለት ደረሱ። ከነጮቹ መካከል ይህን የተቃወሙ አልጠፉም። ቤየርስ ናውዴ የተባሉት ታዋቂ መጋቢ በ1960 በሻርፕቪል 69 ሰዎች በፖሊስ ጥይት ከተገደሉ በኋላ ከቤተ ክርስቲያናቸው አቋም ተለይተው በ1963 መድረካቸውን ለቀቁ፤ ኋላም መንግሥት ለሰባት ዓመት ያህል ከሕዝብ ፊት እንዳይናገሩ አገዳቸው።

የመለያየቱ መሠረት የተናጋው ግን ከተገፉት ወገን በተነሣ ድምፅ ነው። በ1982 የዓለም ተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት በካናዳ ኦታዋ ተሰብስቦ አፓርታይድን ኃጢአት፣ በነገረ መለኮት መደገፉንም ኑፋቄ ብሎ ሲያውጅ፣ የደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያንንና ሌላ አንዲት የነጮች ቤተ ክርስቲያንን ከአባልነት አግዶ የክልሶቹን ቤተ ክርስቲያን መጋቢ አላን ቡሳክን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። በዚያው ዓመት የክልሶቹ ሲኖዶስ በኬፕታውን አጠገብ በምትገኘው በቤልሃር ተሰብስቦ የእምነት መግለጫ አረቀቀ፤ በ1986ም አጸደቀው። መግለጫው አንድነትን፣ ዕርቅንና ፍትሕን አንድ ላይ አስሮ ያስቀምጣል፤ እግዚአብሔር በተለየ ሁኔታ የችግረኞች፣ የድሆችና የተበደሉት አምላክ መሆኑን ይመሰክራል። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ብዙ አከራክራለች።

ለእርስዎ ጥያቄ የሚጠቅመው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በ1994 መጀመሪያ የተዋሐዱት የክልሶቹና የጥቁሮቹ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። የነጮቹ ቤተ ክርስቲያን በ1990 በሩስተንበርግ በተደረገው ታላቅ ጉባኤ ላይ ፕሮፌሰር ቪሊ ዮንከር ስለ ራሳቸውና ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው በደል በግልጽ ሲናዘዙ ሰምታ፣ ኑዛዜውን የራሷ አድርጋ ተቀብላለች፤ ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱም በዚያው መድረክ ይቅርታውን ተቀብለዋል። ያም ሆኖ ከተዋሐደችው ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ለመሆን የተደረገው ድርድር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። የቤልሃርን መግለጫ በሕገ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ለማስገባት የቀረበው ማሻሻያም በ2015 ከየክልሉ ሲኖዶሶች የሚፈለገውን ድምፅ ሳያገኝ ቀርቷል። ይቅርታ በአንድ ቀን ተጠየቀ፤ ንብረት፣ መንበርና ድምፅ መጋራት ግን ሠላሳ ዓመት አልፎትም ይኸው አለ።

«እኛን ምን አገባን» ላሉት ሽማግሌዎች ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ። በ1892 ማንጌና ሞኮኔ የተባሉ ደቡብ አፍሪካዊ አገልጋይ፣ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የነጭና የጥቁር አገልጋዮች ስብሰባ ተለይቶ መካሄዱ አንገፍግፏቸው በፕሪቶሪያ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሲመሠርቱ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ብለው ሰየሟት፤ ስሙን ያገኙት «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» ከሚለው መዝሙር ነው። ጊዜው ከዓድዋ ድል አራት ዓመት በፊት ነው። እነዚያ ሰዎች አገራችንን አይተዋት አያውቁም፤ ስሟን ግን ከሰገነቱ ለመውረድ ተጠቅመውበታል። ይህችው ቤተ ክርስቲያን በ1896 በአሜሪካ ከምትገኘው የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር ኅብረት ፈጠረች። የዚያችን የአሜሪካዊቷን ታሪክ በአሜሪካ የምትኖሩ ብትጽፉልን ይሻላል።

መልስ (ከአትላንታ፣ መጋቢ)

የመምህራችንን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ ካቆሙበት ልቀጥል።

ያች ቤተ ክርስቲያን የተወለደችው በፊላደልፊያ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን፣ አብሳሎም ጆንስና ሌሎች ጥቁር ምእመናን በጸሎት ላይ ተንበርክከው ሳሉ፣ ስፍራው የእናንተ አይደለም ተብለው ከጉልበታቸው ሊያስነሷቸው አስተናባሪዎች መጡባቸው። ጆንስ ጸሎቱ እስኪያልቅ እንዲታገሷቸው ቢለምኑም አልሆነም፤ ጸሎቱ እንዳበቃ ጥቁሮቹ ሁሉ በአንድነት ወጥተው ሄዱ። ከመካከላቸው የነበሩት ሪቻርድ አለን፣ በባርነት ተወልደው ነጻነታቸውን በገንዘባቸው የገዙ ሰው፣ በ1794 ቤቴል የተባለችውን ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ፤ በ1816ም የአዲሲቱ ኅብረት የመጀመሪያ ኤጲስቆጶስ ሆኑ። ጥቁር አሜሪካውያን ለብቻቸው የሚያመልኩት መለየት ስለ ወደዱ ነው የሚል ሰው በመካከላችን ሲገጥመኝ ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ።

ስለ ቀረበላችሁ ጥሪ ግን ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አለኝ። የአሜሪካ ሜቶዲስቶች በ1844 በባርነት ምክንያት ለሰሜንና ለደቡብ ተከፍለው ነበር። በ1939 ታላቅ የአንድነት በዓል አድርገው ሲዋሐዱ፣ የደቡቦቹን ፈቃድ ለማግኘት ሲባል ጥቁር አጥቢያዎች ሁሉ የትም ይሁኑ የት በአንድ የተለየ አስተዳደር ሥር እንዲጠቃለሉ ተደረገ፤ ነጮቹ በመልክዓ ምድር ሲከፈሉ እነርሱ በቆዳቸው ተከፈሉ። አስቀድሞ በተሰጠው ድምፅ አብዛኞቹ ጥቁር ልዑካን አልደገፉትም፤ ነገር ግን ቁጥራቸው ጥቂት ስለ ነበረ አልተሰሙም። አስተዳደሩ የተወገደው በ1968 ነው። ስለዚህ «አንድነት» ተብሎ ሲታወጅ፣ ማን ከማን ጋር፣ ማንን አልፎ የሚል ጥያቄ ማቅረብ ክፋት አይደለም። አስተናጋጆቻችሁ ሁለት መንገድ ተሻግረው መሄድ ከብዷቸው ወደ ምድር ቤታቸው መውረዱን መርጠዋል። ከእናንተ ጋር መታረቅ ይቀላል፤ አልበደሏችሁምና።

ጴንጤቆስጣዊ ለሆንነው ደግሞ ጉዳዩ የራሳችን ቤት ታሪክ ነው። በ1906 በሎስ አንጀለስ አዙሳ ጎዳና የተቀጣጠለውን መነቃቃት የመሩት ዊሊያም ሲሙር ወላጆቻቸው ባሪያዎች የነበሩ ሰው ናቸው፤ ከዚያ በፊት በሂዩስተን ትምህርቱን የተከታተሉት በዘር ልዩነት ሕግ ምክንያት ከክፍሉ ውጭ ተቀምጠው ነበር። በአዙሳ ነጭና ጥቁር፣ ሜክሲኳዊና እስያዊ በአንድ መሠዊያ ፊት ተንበረከኩ። ብዙ ሳይቆይ ግን ተበተኑ፤ በ1914 የተቋቋመው «አሴምብሊስ ኦፍ ጎድ» የተባለው የጴንጤቆስጣውያን ኅብረት በአብዛኛው የነጮች ሆነ፤ በ1948 የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ ጴንጤቆስጣውያን ኅብረትም አንድም የጥቁር ቤተ ክርስቲያን ሳይዝ ቆየ። በ1994 በሜምፊስ ከተማ የኅብረቱ መሪዎች የሠሩት ሥራ አሁንም ያስደንቀኛል፤ ጥቁሮቹን «ወደ እኛ ግቡ» አላሉም። የራሳቸውን ኅብረት አፈረሱት። አዲስ ኅብረት አቋቁመው የአመራሩን ቦርድ ከነጭና ከጥቁር እኩል ለእኩል አደረጉት፤ የመጀመሪያው ሰብሳቢም ጥቁሩ ኤጲስቆጶስ ኢቲየል ክሌመንስ ሆኑ። በዚያ ስብሰባ አንድ ነጭ መጋቢ ውሃ ይዞ መጥቶ የክሌመንስን እግር ማጠቡ በብዙዎች ዘንድ ይታወሳል፤ እኔ ግን ከእግር ማጠቡ ይልቅ የቦርዱ አመራረጥ ይበልጥብኛል። (እሑድ እሑድ በየአጥቢያው የሚታየው መለያየት በሜምፊስ እንዳልጠፋም አልክድም።)

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ለሽማግሌዎቻችሁ አንብቡላቸው። የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት መበለቶች በዕለቱ ምግብ እደላ ተዘነጉ ተብሎ ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ፣ ሐዋርያቱ አንድ ሁለት መቀመጫ ሰጥተው አላሰናበቷቸውም። እደላውን የሚመሩ ሰባት ሰዎች ተመረጡ፤ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ማዕዱን ለተዘነጉት ወገኖች አስረከቡ ማለት ነው። ከዘጠኝ ሁለት መቀመጫ፣ ያውም ከእናንተ ልጆች የሚያንሱ አዋቂዎች ባሉበት ጉባኤ፣ ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። ባንክ ሒሳቡ ላይ ማን ይፈርማል? ሕንጻው በማን ስም ይቆያል? መጋቢው ሲለቅ ተተኪውን ማን ይመርጣል? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የጋራ የዝማሬ ምሽት ማዘጋጀት አትቸኩሉ።

መልስ (ከዳላስ)

ወገኖች፣ ሁላችሁም ጥሩ ጽፋችኋል፤ እኔ ግን በአንድ ነገር ከመጋቢ እለያለሁ። በአማርኛ ማምለካችን ከ1857ቱ ውሳኔ ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጥ እንዳይመስል እፈራለሁ። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም፤ መኪና አትነዳም፤ በሳምንት አንድ ቀን ሰው ሆና የምትውለው እሑድ ከቀትር በኋላ ነው። የማንንም ቆዳ ስለ ጠላች አይደለም ወደ አማርኛው ጉባኤ የምትሄደው። ማንም ሰው በራችንን ቢከፍት፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ ከማዕዳችን አንከለክለውም፤ ልዩነቱም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ጠያቂው ወንድማችን በጥሪው ምክንያት የአማርኛውን ጉባኤ ነጻነት አሳልፈው እንዳይሰጡ አደራ እላለሁ።

ሁለተኛው ሐሳቤ የበለጠ ያስጨንቀኛል። ስለ ነጭና ጥቁር ስንነጋገር በቤታችን ያለውን እንዳናልፈው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በአሜሪካ ያሉ የእኛ ጉባኤዎች በብሔር ምክንያት ሲከፈሉ አይተናል። በአንድ ወቅት በነበርኩበት ጉባኤ ሰሜን ኢትዮጵያ በጦርነት በነበረችበት ጊዜ፣ በምልጃ ጸሎት ላይ የማን ሙታን ስም እንደሚጠራ አለመስማማት ተነሥቶ፣ የጸሎት ርእስ አስቀድሞ በጽሑፍ ለሽማግሌዎች ይቅረብ ተባለ። የተለያዩ ቤተሰቦች በዚያ ዓመት ወጥተው ሄዱ፤ ለምን እንደ ሄዱ ግን በማስታወቂያ አልተነገረም። እኛም እንደ ነጮቹ ሲኖዶስ «ለሰላም ሲባል» የሚል ምክንያት ነበረን። በዚህ ሁኔታ የተቀመጥን ሰዎች ለአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን የዘር አንድነት ማሳያ ለመሆን ስንጠራ፣ ጠሪዎቻችን ይህን አለማወቃቸው ይገርመኛል።

መልስ (ከሚኒያፖሊስ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ የተወለድኩት እዚህ አሜሪካ ነው፤ አማርኛ መጻፍ የተማርኩት በቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ ስሕተት ብታገኙ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ጋሼ ከዳላስ ስለ እናታቸው የጻፉት ትክክል ነው፤ የእኔም አያት እንዲሁ ናቸው። እኔ የምጨነቀው ስለ ልጆቹ ነው። እኛን ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆመን አማርኛ እንችል እንደ ሆነ አይጠይቀንም። ወንድሜ በትምህርት ቤት ጥቁር ነው፤ በሥራ ቦታ ጥቁር ነው፤ ቤት ሲመጣ ግን «ከእነዚያ ልጆች ጋር አትዋል፣ እኛ እንደ እነርሱ አይደለንም» ይባላል። «እነዚያ ልጆች» የሚባሉት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ይህን የሚሉት ጸሎተኛና ቸር የሆኑ፣ እኔን ያሳደጉ ሰዎች ናቸው፤ ሲናገሩትም ምክር እንጂ ዘረኝነት አይመስላቸውም። በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ በከተማችን በፖሊስ በተገደለ ሳምንት፣ እኔ በምሄድበት ጉባኤ የተጸለየው ስለ ወረርሽኙና ስለ ንብረት ጥበቃ ነበር። የሟቹ ስም አልተጠራም። ከዚያ እሑድ በኋላ ከእኩዮቼ ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ ዛሬ የት እንደሚያመልኩ የማውቀው የጥቂቶቹን ብቻ ነው።

ስለዚህ «የእነርሱ የቆየ ጠብ ነው» ለሚሉት ሽማግሌዎች፣ በአክብሮት፣ የእናንተ የልጅ ልጆች በዚያ ጠብ ውስጥ ናቸው ማለት እፈልጋለሁ። ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ይበላ የነበረው ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ራሱን እንደ ለየ በገላትያ 2 ተጽፏል። ጳውሎስ የወቀሰው በሁሉ ፊት ነው። ጴጥሮስ ምንም የተሳሳተ ትምህርት አላስተማረም፤ ከማዕድ ብቻ ነው የተነሣው።

በተጨማሪ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ጠያቂው ጋሼ ከአረጋዊው ዲያቆን ጋር ካወሩ በኋላ የቤተ ክርስቲያናቸውን መጋቢ አግኝተዋል? እነርሱ ምን እንደሚፈልጉ ሳይጠየቁ እኛ ሁላችን ስለ እነርሱ እየተነጋገርን ነው።

ከጠያቂው (ሜሪላንድ)

ሁላችሁንም ጌታ ይባርካችሁ። እኅታችን ከሚኒያፖሊስ ያነሣችው ጥያቄ ትክክለኛ ስለ ነበረ፣ መልስ ከመጻፌ በፊት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆነን የጥቁር አሜሪካውያኑን መጋቢ ሄደን አነጋገርናቸው።

የጠበቅነው ወይ ቅሬታ ወይ ደስታ ነበር። እርሳቸው ግን ስለ ውሕደት ጨርሶ ፍላጎት የላቸውም። በዚህ ሰፈር የቤት ዋጋ እየናረ ምእመናኖቻቸው ወደ ሩቅ ከተሞች ተገፍተው ሲሄዱ፣ በሕዝባቸው ስም የቀረው ርስት ያ ሕንጻ ብቻ መሆኑን ገልጸው፣ አያቶቻቸው በገዛ እጃቸው የሠሩትን ቤት ለማንም አንድነት ብለው እንደማይሰጡ በጨዋነት ነገሩን። የጠየቁት ሌላ ነገር ነው። ከ1864 በፊት የነበሩት የሰገነቱ ምእመናን ስም፣ የተጠመቁበትና የተቀበሩበት ቀን በአስተናጋጆቻችን ቤተ ክርስቲያን አሮጌ መዝገብ ውስጥ አለ ብለው ያምናሉ፤ ከዓመታት በፊት ለማየት ጠይቀው «መዝገቡ ተጎድቷል» ተብለው ተመልሰዋል። ቤተሰቦቻቸው የቅድመ አያቶቻቸውን ስም የሚያገኙበት ሌላ ሰነድ እምብዛም የለም። እኛ ቁልፍ ይዘን የምንገባበት ሕንጻ ውስጥ ያለ መዝገብ ነው።

ከመጋቢ ከአትላንታ ያገኘናቸውን የባንክ ፊርማ፣ የንብረት ባለቤትነትና የመጋቢ ምርጫ ጥያቄዎች በደብዳቤ አስፍረናል፤ የአማርኛው ጉባኤ የራሱ ሽማግሌዎች እንደሚኖሩትም አክለናል፤ በዚህ ጋሼ ከዳላስ ይደሰታሉ ብዬ አስባለሁ። በደብዳቤው መጀመሪያ ላይ ግን ስለ ውሕደቱ ከመነጋገራችን በፊት መዝገቡ ለጎረቤቶቻችን ተከፍቶ እንዲታይና ቅጂው እንዲሰጣቸው ጠይቀናል። ከሽማግሌዎቻችን ሁለቱ ይህን መጠየቅ አዳራሹን ሊያስነጥቀን ይችላል ብለው አልፈረሙም፤ ሥጋታቸው መሠረት የሌለው አይደለም፤ የኪራይ ውላችን የሚያበቃው በመስከረም ነው። የተቀረነው ፈርመን ልከናል፤ መልስ ሲመጣ እዚህ እጽፋለሁ። በአሜሪካ የቆዩ የአጥቢያ መዛግብትን በማንበብና በመጠገን ልምድ ያለው ሰው ካላችሁ እስከዚያው ብታገናኙን እናመሰግናለን።